ልጆቼ በቃላቸው የሚያውቁት ቁጥር የሌላ ሰው ሆኗል፤ ምን ላድርግ?

የቦርከናው ጎሚስታ | ግንቦት 3

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መጻፍ ብዙም አልችልበትም፤ ካበዛሁባችሁ ይቅር በሉኝ።

ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ወደ ባቲ መውጫው ላይ ጎማ እጠግናለሁ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ተሳቢ ሁሉ በደጄ ነው የሚያልፈው። ልጆቼም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። የጫናቸውን መኪና ጎማ ራሴ ሳልነፋው አልቀረሁም እያልኩ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ።

ወንዱ 17፣ ሴቷ 15 ዓመታቸው ነበር። ጥር 2016፣ ሰኞ ቀን። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ሚኒባሱ ሁሉ በገበያተኛ ይሞላል። ሁለት ልጅ ቢሳፈር ዘወር ብሎ የሚያይ የለም። «አባ፣ ጫማ አይተን እንመጣለን» አሉኝ። 500 ብር ሰጠኋቸው። ማታ ገብቼ ሳይ የሥራ ቱታዬ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ቱታዬን እሷ የምታጥበው ዐርብ ዐርብ ነው። ደርቆ ሳወርደው ነው ነገሩ የገባኝ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ በ253 ተደወለ፤ የጅቡቲ ቁጥር ነው። ወንዱ ነው። «አባ፣ ባሕሩ ዳር ነን፤ ኦቦክ ይሉታል» አለኝ። ተመለሱ ብዬ ጮህኩ፤ ተቋረጠ። ሌላ ሦስት ሳምንት ቆይቶ በ967 ተደወለ፤ የየመን ቁጥር ነው። ያናገረኝ ሰው አማርኛ ይችላል። ቁጥሬን ያገኘው ከልጄ ስልክ ላይ «አባ» የሚለውን አይቶ ነው። የልጄን ጩኸት አሰማኝ። እሱን አልጽፈውም።

180 ሺህ ብር ከፈልኩ። አንዱን ኮምፕሬሰር ሸጥኩ፣ ዕቁቤን ቀድሜ ወሰድኩ፣ የቀረውን ተበደርኩ። ያስገባሁት እዚሁ አገር ቤት ባለ የአንድ ሰው ሂሳብ ነው። ሚያዝያ ላይ ወንዱ ደወለ፤ «አባ ደርሷል፣ ለቀቁን፤ ስልኬን ግን አልመለሱልኝም» አለ። ከዚያ ወዲህ ዝም። ዓመት ከአንድ ወር ሆነ።

አሁን የመጣሁበት ጉዳይ ይሄ ነው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እኛም እንደ ሰው ሁሉ በእግር ወጣን። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ መንገዱን ሙሉ የስልክ ቁጥሯን ታስጠናቸው ነበር። «ብትጠፉኝ ይሄን ቁጥር ለሰው ንገሩ» ትላለች። ኔትወርክ የለ፣ ምን ያደርጋል እላታለሁ፤ አትሰማኝም። ትንሿ እንደ ቁርአን ቤት አሊፍ ባ በዜማ አደረገችው። ደክሟት እንኳን እያዜመች ትሄድ ነበር። የእኔን ቁጥር ግን አንድም ቀን በቃላቸው ይዘውት አያውቁም። «አባ» ተብሎ ተመዝግቧል፣ ይጫኑታል፣ አለቀ።

ባለቤቴ በ2015 አረፈች። ስልኳ ቤት ቀረ፤ ልጆቹ ይነካኩት ነበር። እነሱ ሲሄዱ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ቻርጅ ላድርገው፣ ካርድ ልሙላበት አላልኩም። ባለፈው ሳምንት ያ ዜማ ትዝ ብሎኝ ከሳጥን አወጣሁት፤ ሲሙ ሞቷል። በራሴ ስልክ ብደውል ጠራ! እጄ ተንቀጠቀጠ። የሆነ ሰው አንስቶ «ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለኝ። አፌ ተያዘ። ዘጋሁት።

ይሄን ሰው ምን ብዬ ላናግረው? ሰው ቁጥር ገዛ፣ ጥፋቱ ምንድን ነው? ሌላው ደግሞ አንድ ልጅ በቴሌግራም «ልጅህን ሳዑዲ፣ ጂዛን እስር ቤት አይቼዋለሁ፤ 35 ሺህ ከላክህ አገናኝሃለሁ» ይለኛል። ፎቶም ልኳል፤ ከጀርባው የተነሳ ነው። ልጄን ይመስላል፤ አይመስልምም። ደግሞስ የጠፋ ልጅ የት ነው የሚመዘገበው? የምታውቁ ንገሩኝ።

የሸዋ በር ልጅ | ግንቦት 3

ጋሼ፣ 35 ሺህዋን እንዳይልኳት። በሞቴ። ከጀርባ ያነሳ ሰው ዞር ብሎ ፊቱን ማንሳት ምን ከለከለው? አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት፤ ልጅዎና እርስዎ ብቻ የምታውቁትን። የቤታችሁ ድመት ስም ይሁን፣ በልጅነቱ ከየትኛው ዛፍ እንደወደቀ ይሁን። ሁለት ቀን ይጠፋና «እዚህ ስልክ አያስገቡም» ይልዎታል። የእኛ ቤት ደርሶ ስላየሁት ነው። የአጎቴ ሚስት በሬ ሸጣ ላከች። ልጇ ለካ ያን ጊዜ ሁሉ አዲስ አበባ ቀን ሥራ ላይ ነበር፤ አልሄደም እንኳን።

ሰውየው ጋ ግን ይደውሉ፤ ዛሬውኑ። መጀመሪያ ማን እንደሆኑ፣ ከየት እንደሆኑ፣ ገንዘብ እንደማይፈልጉ ይናገሩ። በዚህ ዘመን ከማያውቁት ቁጥር «እባክህ እርዳኝ» ከተባለ ሰው ሎተሪ ደርሶሃል ሊሉኝ ነው ብሎ ነው የሚዘጋው።

ታዛቢ | ግንቦት 3

ይቅርታ ግን የ15 ዓመት ሴት ልጅ ከቤት ስትወጣ አባት እንዴት አያውቅም? ደላላ ከሰማይ አይወርድም። ሰፈር ውስጥ ሲመላለስ ማንም አይናገርም፤ ከሄዱ በኋላ ለቅሶ።

የቦርከናው ጎሚስታ | ግንቦት 3

ወንድሜ እውነትህን ነው። ደላላው ደጄ ላይ ጎማ ያስነፋ ነበር። ሻይ ሁሉ ጋብዤዋለሁ።

ከጅዳ የመጣች | ግንቦት 4

አንቱ አባባ፣ አብሽሩ። እኔ የወረባቦ ልጅ ነኝ። በ16 ዓመቴ በዚያው መንገድ ሄጃለሁ።

ስለ ቁጥር ልንገርዎት። ወረቀት ላይ ይዘሽው ብትሄጂ ላብ ይበላዋል። እኔ የሱሪዬ ወገብ ላይ በውስጥ በኩል በእስክሪብቶ ጽፌው ነበር። የመን ስንደርስ ጀልባው ዳር አልወጣም፤ እስከ ደረታችን ውሃ ውስጥ ወረድን። ስወጣ ባየው ሰማያዊ እድፍ ሆኗል። የቀረኝ በጭንቅላቴ ያለው ነው። እሱም መጨረሻው ይገለባበጥብኛል፤ 47 ነው 74? ሌሊት በእግር ስንሄድ እሱን ነበር የምቆጥረው። ባለቤትዎ ያስጠኑትን ትንሿ በዜማ ማድረጓ እኮ ቀላል አይደለም፤ ዜማ አይገለባበጥም።

ሳዑዲ ገብቼ ሰው ቤት ተቀጠርኩ። ስልክ የለኝም። የደወልኩት ለዒድ ነው። እንግዳው ሲበዛ፣ ቤቱ ሲሞቅ፣ ማዳም ደስ ብሏት «ቤተሰብሽን ሰላም በያቸው» ብላ የራሷን ሰጠችኝ። ሁለት ደቂቃ። እናቴ አነሳችው። ያን ቀን የማላውቀው ሰው ቢያነሳው ኖሮ ምን አደርግ ነበር? ሳስበው የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ 47ቱን 74 አደርግና ሌላ ሰው ጋ እደውል ነበር። ከዚያም ተስፋ እቆርጥ ነበር። ስለዚህ ያ ሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ ማወቅ አለበት።

ሌላም አለ፤ ሰው አይናገረውም። ከዚያ ቤት ወጥቼ የራሴን ስልክ ገዝቼም ስምንት ወር አልደወልኩም። እናቴ ላሟን ሸጣ ነው ያስለቀቀችኝ። ባዶ እጄን «ደህና ነኝ» ማለቱ አሳፈረኝ። መጀመሪያ ብር ልላክ፣ ከዚያ እደውላለሁ እያልኩ ወሩ አለፈ። እናቴ ሰደቃዬን ልታወጣ ዶሮ እስከ መግዛት ደርሳ ነበር። ዝም ያለ ሁሉ የሞተ አይደለም፣ አባባ።

በጎ ፈቃደኛ ከደሴ | ግንቦት 4

ጋሼ፣ ደሴ ቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ይምጡ። የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የማገናኘት ሥራ አላቸው፤ እኔም ለጥቂት ጊዜ አግዤበታለሁ። አንድ ሳንቲም አይከፈልበትም። የሚያስከፍልዎ ካለ ቀይ መስቀል አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ይህን የሚሠራው ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ነው። የመንም ሳዑዲም ቀይ ጨረቃ የሚባለው የእሱ ወንድም ማኅበር ስላለ ጥያቄው በዚያ መስመር ይሄዳል።

ፎቶ ይያዙ፤ እዚህ ግን አይለጥፉት፤ ያ የቴሌግራሙ ልጅ ዓይነቱ ይበዛብዎታል። የመጨረሻ ጊዜ ከየት፣ በምን ቁጥር፣ መቼ እንደደወሉ ጽፈው ይምጡ። ጠባሳም ይነገራል። ጎማ ቤት ያደገ ልጅ እጁ ላይ አንድ ምልክት አያጣም መቼም።

ስሙ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ብዙ ፍለጋ የሚበላሸው በስም ነው። እኛ ልጅን በቤት ስሙ እንጠራለን፤ ትምህርት ቤት ሌላ ነው፤ ቁርአን ቤት ሌላ ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ደግሞ ስሙንም ዕድሜውንም ይለውጣል፤ 15ቷ 20 ነኝ ትላለች። ሰው ቤት ስትገባ አሠሪዎቿ ለአፋቸው የሚቀል ስም ያወጡላታል። አንዲት እናት ልጇን በቤት ስሟ ብቻ ልታስመዘግብ መጥታ፣ የልጅቷን የትምህርት ቤት ስም ያየችው የፈተና ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ስታሳየን ነው። እሷ ራሷ ደነገጠች። ስለዚህ የእርስዎን፣ የአባትዎን፣ የአያትዎን ስም፣ የእናትየዋን ስም፣ ልጆቹ የተጠሩበትን ሁሉ ይዘው ይምጡ። «እማ» «ሚሚ» እንኳን ብትባል ይጻፋል።

አሁን አባት ሲሰማው የሚያናድደው ነገር። ልጆቹ ቢገኙ አድራሻቸው ወዲያው አይሰጥዎትም። መጀመሪያ «አባታችሁ ይፈልጓችኋል፤ እንንገራቸው?» ተብለው ይጠየቃሉ። እሺ ካሉ ነው። ጠረጴዛ የደበደበ አባት አይቻለሁ፤ ልጄን እኔ ወልጄ ማንን ነው የምትጠይቁት ብሎ። ከላይ የጻፈችውን እህታችንን ደግመው ያንብቧት፣ ለምን እንደሆነ ይገባዎታል። አድራሻ ከታወቀ ደብዳቤም መላክ ይቻላል። ፖስታው አይታሸግም፤ የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው የሚጻፍበት።

ፈጥኖ አይመጣም፣ ይሄን አልዋሽዎትም። ቀይ መስቀል የአጋች ገንዘብም አይከፍልም።

ያ 180 ሺህ የገባበት ደረሰኝ አለዎት? ለፖሊስ ይስጡት። በሰው መነገድንና ስደተኛ ማሻገርን የሚቀጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1178/2012። ሂሳብ ቁጥሩ አገር ቤት ከሆነ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ስም አለው።

ሚሌ በሌሊት | ግንቦት 5

ጎሚስታው፣ ሳላውቅህ አልቀርም። ፊት ለፊትህ ያለችው ሴትዮ ጋ ሽሮ በልተን ነው የምንወርደው። ሚሌን ካለፉ ልጆቹ መኪና ላይ አታያቸውም፤ ኬላ ስለሚፈሩ ሌሊት በእግር ነው። አንዳንዴ መብራቴ ሲያርፍባቸው መንገድ ዳር ይተኛሉ፤ ድንጋይ ነው የሚመስሉት። ውሃ ወርውሬላቸው አልፋለሁ፤ ማቆም ያስጠይቀኛል። ማሻገር ነው ይሉኛል።

የልጆቹን ፎቶ በእጅ ስጠኝ። ኦቦክ የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት፣ የአይኦኤም፣ ማዕከል አለ። ከየመን ተስፋ ቆርጠው በጀልባ የሚመለሱ ልጆች አሉ፤ እዚያ ያርፋሉ። ጅቡቲ ወደዚያ የሚሄድ ወዳጅ አላጣም። ሐሙስ እወርዳለሁ።

የቦርከናው ጎሚስታ | ግንቦት 12

ደወልኩ።

ሦስት ጊዜ ነው የደወልኩት። መጀመሪያ ዘጋብኝ። ሁለተኛ «ሰውዬ፣ ፖሊስ ጋ እንዳልወስድህ» አለኝ። ሦስተኛ የሸዋ በሩ ልጅ እንዳለኝ አደረግኩ። ጎሚስታ ነኝ፣ ኮምቦልቻ ነኝ፣ ብር አልፈልግም፤ ይሄ የያዝከው ቁጥር የሟች ባለቤቴ ነበር፤ ሁለት ልጅ ጠፍቶብኛል፤ ሌላ ቁጥር አያውቁም። በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት። ዝም አለ። የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማኝ ነበር፣ እሱም ቆመ።

ጅማ ነው ያለው። ልብስ ሰፊ ነው። ሲሙን ካወጣው ዓመት አልሞላውም። ከዚያ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለኝ። በስልክ! እኔም ጎማው ላይ ተቀመጥኩ።

ረመዳን ላይ ተደውሎለት ነበር። ተራዊህ ሊሄድ ጫማውን ሲያደርግ። ቁጥሩ በ966 ይጀምራል፤ የሳዑዲ ነው። እርግጠኛ ነህ ወይ፣ 967 እንዳይሆን ብለው «እህቴ ሪያድ ናት፤ 966ን አልስተውም፤ እሷ መስላኝ ነው ያነሳሁት» አለኝ። የሴት ልጅ ድምፅ ነው። «አባ?» አለችው። ዝም ሲላት ደገመችው፤ «አባ፣ እኔ ነኝ።» «ተሳስተሻል እህቴ» አላት። «ኮምቦልቻ አይደለም እንዴ?» አለች። «ጅማ ነው» አላት። ትንሽ ቆይታ ይቅርታ ጠይቃው ዘጋች።

እሱን ሲነግረኝ ሰውዬው ራሱ ድምፁ ተቀየረ። «ጋሼ፣ እኔ ምን አውቄ» ይለኛል። ምን ታውቃለህ፣ አልኩት።

ቁጥሩን መልሼ ልደውል ብል ከዚያ ወዲህ ስልክ ቀይሯል፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። መስመሩ በስሙ ስለሆነ ራሱ ሄዶ እንደሚጠይቅልኝ ነገረኝ። ፖሊስ ጋም በደረሰኙ አመልክቻለሁ፤ የጥሪውን ዝርዝር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ማስወጣት ይቻላል ብለውኛል።

ደሴም ሄጃለሁ። አስመዘገብኩ። የትንሿን ስም አራት ዓይነት አድርገው ጻፉት። ጠባሳ አላት ወይ ሲሉኝ ቶሎ አልመጣልኝም፤ አባት ሆኜ። ኋላ ትዝ አለኝ፤ ግራ ክንዷ ላይ የምጣድ ቃጠሎ አለ፤ እናቷ ታማ ሳለ እንጀራ ስትጋግር የተቃጠለችው። የወንዱን ወዲያው ተናገርኩ፤ በክሪክ የተመታ አውራ ጣት ነው።

ለቴሌግራሙ ልጅ የድመቷን ስም ጠየቅኩት። አላነበበም መሰለኝ ስል አግዶኛል ለካ።

አንድ ነገር ብቻ ነው የሚከነክነኝ። «እኔ ነኝ» ነው ያለችው። «እኛ ነን» አላለችም።

ከጅዳ የመጣች | ግንቦት 12

ያረቢ! 966 ከሆነ ድንበሩን አልፋለች። ተራዊህ ሰዓት ደግሞ ወንዶቹ መስጊድ ይሄዳሉ፤ ማዳምም አብራ ከሄደች ቤቱ ለሠራተኛዋ ብቻ ይቀራል። ያን ሰዓት ጠብቃ ነው የደወለችው። ስልኩን ከየትም ታግኘው፣ ሰዓት የምታውቅ ልጅ ናት።

«እኔ ነኝ» ያለችውን እንዲህ አይቁጠሩት፣ አባባ። ወንድና ሴት ስደተኛ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ አይሠራም እዚያ። እኔም ከአጎቴ ልጅ ጋር ሄጄ ድንበር ላይ ተለያየን፤ ሁለት ዓመት የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ፍየል ይጠብቅ ነበር በረሃ ላይ፤ ስልክ የማይሠራበት። አሁን ቢስቲማ ሱቅ ከፍቷል።

አረፋ ቀርቧል። ለበዓል ስልክ ይሰጣታል፤ ካልሰጧትም ሰዓት ትፈልጋለች። ሰውየው ያን ቀን ስልኩን እንዳይዘጋ ይንገሩት። «ተሳስተሻል» የሚለውን ቃል እንዳይላት።

የቦርከናው ጎሚስታ | ግንቦት 13

ነግሬዋለሁ። የሚላትን ቃል በቃል አስጽፌዋለሁ፤ መጀመሪያ በቤት ስሟ ይጠራታል፣ ከዚያ «አባትሽ አለ፣ አልተቆጣም፣ ቁጥሩን ጻፊ» ይላታል። ቁጥሬን የስልኩ መሸፈኛ ውስጥ በወረቀት አድርጎታል፤ ሚስቱም በቃሏ ይዛዋለች። በዜማ አድርጊው ብያታለሁ።

ጅማ መብራት ይጠፋል ስላለኝ አንድ ፓወር ባንክ ገዝቼ ዛሬ በጭነት መኪና ልኬለታለሁ። ሹፌሩ ሐሙስ አዲስ አበባ ነው፤ ቅዳሜ ይደርሳል ብሎኛል።